የማስታገሻ ልክ፦ ሕመምና መድኃኒት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

በሰሜን ሸዋ ከጣርማበር ወዲያ በተዘረጋው በመንዝ፣ ከእርሱ በስተ ሰሜን በሚገኘው በግሼ፣ እንዲሁም በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል በተቀመጠው በመርሐቤቴ ሰው ሕመሙን ለማስታገስ የተጠቀመበት ነገር ሁሉ፣ ሥርም ይሁን ጢስ፣ አረቄም ይሁን መርፌ፣ በየዘመኑ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲያስነሣ ኖሯል፤ ጥያቄውም ምን ያህሉ ያሽራል፣ ምን ያህሉስ ይጎዳል የሚል ነው። ዛሬ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ኦፒዮይድ በሚባሉት ማስታገሻዎች ላይ ነው። ኦፒዮይድ ማለት ከፖፒ ተክል ፍሬ ከሚወጣው ኦፒየም የተገኙትን፣ ወይም የእርሱን አሠራር ተከትለው በቤተ ሙከራ የተቀመሙትን መድኃኒቶች የሚያጠቃልል ስም ሲሆን፣ እነዚህ መድኃኒቶች በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ላይ ሠርተው የሕመምን ስሜት ያደበዝዛሉ፤ መጠናቸው ሲያልፍ ደግሞ መተንፈስን ያዳክማሉ። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን፣ ትራማዶልና ፌንታኒል በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት ናቸው። ታሪካቸው በደጋው ሸዋ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የእጦት ታሪክ ሆኖ ነው። እጦቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአንዱን መድኃኒት ብርታት ከሌላው ጋር እያነጻጸሩ መመጠን የሚባለው ሥራ እነዚህ መድኃኒቶች ሳይመጡም የነበረ፣ ከመጡም በኋላ በአገሩ ሰው ተፈጥሮ ምክንያት ሌላ መልክ የያዘ በመሆኑ፣ ታሪኩን በእጦቱ ብቻ መዝጋት አይቻልም።

ከዘመናዊ ሕክምና በፊት ከባድ ሕመምን ፊት ለፊት የሚገጥመው ወጌሻ ነበር። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት የሚጠግን፣ የወለቀ መጋጠሚያ ወደ ቦታው የሚመልስ፣ አንዳንዴም ከቁስል ውስጥ ጥይትና ስባሪ አጥንት የሚያወጣ ባለሙያ ሲሆን፣ ሙያው አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። በሽተኛው ትከሻና ወገቡ በጠንካራ ሰዎች ይያዛል፤ ወጌሻው ቅቤ በተቀባ ጣቱ ስብራቱን እየዳሰሰ ያገኘዋል፤ ከዚያም በጨዋታ አዘናግቶ በድንገት ይጎትትና አጥንቱን ያገጥመዋል፤ በመጨረሻም የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም ቀጭን እንጨት ዙሪያውን ደርድሮ በጨርቅ ያስረዋል። በዚህ ሁሉ ዋናው ማስታገሻ የእጁ ፍጥነት ነበር፤ የተገኘ እንደ ሆነ አረቄ ይጨመርበታል። ማሰሪያው የጠበቀ እንደ ሆነ ያበጠው አካል ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚሠሩ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት እጅና እግር የሚቆረጥባቸውን ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናትን፣ ዛሬም ያውቃሉ። በእንዲህ ያለው ጊዜ ከማሰሪያው በኋላ እየባሰ የሚሄደው ሕመም ማሰሪያውን ለማላላት የሚያስገድድ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ሳይመረመር በብርቱ መድኃኒት የታፈነ ሕመም ከተተወው ሕመም የከፋ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አለ፤ ይህም በዘመናዊ የአጥንት ሕክምና ውስጥ የጸና ትምህርት ነው።

ዕፅዋቱ ደግሞ የየራሳቸው ማዕረግ ነበራቸው። ለምችና ለራስ ምታት የዳማከሴ ቅጠል ጭማቂ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ እነዚህ በየጓሮው የሚገኙ፣ እናቶችም ያለ አዋቂ ምክር የሚያዝዟቸው ናቸው። አስተናግር ግን፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ ከእነዚህ ተራ አይቆጠርም። ፍሬው በፍም ላይ ተደርጎ ጢሱ ለሚታመም ጥርስ ይታጠናል፤ በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉት ንጥረ ነገሮች በመጠኑ ሲወሰዱ ስሜትን የሚያደነዝዙ፣ ከመጠን ሲያልፉ ግን አፍን የሚያደርቁ፣ የዓይን ብሌንን የሚያሰፉና ሰውን የሚያስቀባዥሩ ናቸው። አስተናግር ኦፒዮይድ አይደለም። ሆኖም የንጥረ ነገሩ መጠን እንደ ተክሉ ዕድሜ፣ እንደ አፈሩና እንደ ወቅቱ የሚለያይ በመሆኑ፣ ትናንት ያሻለው እፍኝ ዛሬ ሊመርዝ ይችላል፤ መድኃኒት አዋቂው ምስጢሩን አጥብቆ የሚይዘው ለጥቅሙ ብቻ ነው ተብሎ መታማቱም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም።

ብርታትን የማነጻጸር ልማድ በደጋው ይበልጥ የሚታየው በኮሶ ነው። ኮሶ ማስታገሻ ሳይሆን የኮሶ ትል ማስወጫ ሲሆን፣ ጥሬ ሥጋ የሚበላው የደጋ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣው ነበር። የእንስቴው ዛፍ አበባ ከተባዕቱ ይበልጥ ብርቱ መሆኑ፣ የቆየው ከአዲሱ መድከሙ፣ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ እንዳይጠጣው የሚከለከል መሆኑ የታወቀ ነበር፤ ሆኖም ከመጠን ያለፈ ኮሶ ሰው መግደሉ አልቀረም። ይህ መድኃኒት በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ እስከ መግባት ደርሷል። በዚያው መቶ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ሊገባ የጀመረው ደግሞ የአውሮፓው ማስታገሻ ነበር።

የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ ከመንዝ ከነጋሢ ክርስቶስ የሚነሣ ሲሆን፣ የእርሱ ተወላጅ የሆነው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 በአንኮበር ነግሦ ለውጭ አገር መሣሪያና መድኃኒት ብርቱ ፍላጎት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1841 በዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ መሪነት ወደ ሸዋ የመጣው የብሪታንያ መልእክተኛ ቡድን ከጠመንጃው ስጦታ ጋር ሐኪምም ይዞ ነበር። በዚያ ዘመን በማንኛውም አውሮፓዊ ሐኪም ሣጥን ውስጥ ከሚገኙት ዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ላውዳነም፣ ማለትም በአልኮል የተበጠበጠ ኦፒየም ነበር። የኦፒየም ችግር ከአስተናግር ችግር የተለየ አልነበረም፤ የአንዱ ጠርሙስ ብርታት ከሌላው አይመሳሰልም። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ሰርቱርነር በመቶ ዘመኑ መጀመሪያ ከኦፒየም ውስጥ ሞርፊንን ነጥሎ ማውጣቱ ታላቅ ነገር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማስታገሻ በጠብታ ግምት ሳይሆን በሚዛን ሊሰጥ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የመርፌ ስልት ሲጨመርበት ሞርፊን የጦር ሜዳ መድኃኒት ሆነ።

ይህ መድኃኒት ግን የሸዋን ደጋ ወታደር በጊዜው አልደረሰለትም። በዓድዋ በ1888 ዓ.ም. የቆሰለው በወጌሻ እጅና በጠበል ነው የታከመው፤ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን አዲስ አበባ የገባው ጦርነቱ ካለቀ ከወራት በኋላ ነበር። የምኒልክ ሆስፒታል በ1902 ዓ.ም. ገደማ መቋቋሙና በዚያው ዘመን ዶክተር ሜራብ የተባለው ጆርጂያዊ ሐኪም በዋና ከተማዋ መድኃኒት ቤት መክፈቱ የአዲስ አበባን ሰው ጠቅሟል። ለመንዝ ሰው ግን አዲስ አበባ የብዙ ቀን መንገድ ነበረች።

በጣሊያን ወረራ ዘመን መንዝና መርሐቤቴ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ከተንቀሳቀሱባቸው ዋነኛ አገሮች መካከል ነበሩ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በመንዝ በላሎ ምድር በዘረት አካባቢ በሚገኝ ዋሻ ውስጥ ከአርበኞቹ ጋር የተጠጉ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት በጣሊያን ጦር ተከበቡ፤ ጦሩም የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውን መርዝ ወደ ዋሻው ለቀቀ፤ ከመርዙ ተርፈው የወጡትን ደግሞ በጥይት ፈጀ። የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን የሚያቃጥልና የሚያሳብጥ፣ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን የሚያቆስል፣ እስከ ዛሬም ማርከሻ ያልተገኘለት መርዝ ነው፤ ሐኪም ለተጎጂው ሊያደርግ የሚችለው ማጠብ፣ ቁስሉን መንከባከብና ሕመሙን በብርቱ መድኃኒት ማስታገስ ነው። በዚያ ዋሻ ውስጥ ለነበሩት ይህ ሁሉ አልነበረም። የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ጽሑፎች የሆስፒታሎችን መከፈት በዓመተ ምሕረት እየቆጠሩ ሲዘግቡ፣ እንዲህ ያለውን ያልታከመ ሕመም ከታሪካቸው ውጭ መተዋቸው ሊታረም የሚገባው ነው።

ከነፃነት በኋላ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሄዱ። በአንድ በኩል በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን እያሠለጠነ ወደ አውራጃ ጤና ጣቢያዎች ላከ። በሌላ በኩል መንግሥት የአደንዛዥ መድኃኒቶችን ዝውውር የሚገድብ ሥርዓት አቆመ፤ የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 በ1956 ዓ.ም. ወጣ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. የ1961ዱን ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ተቀበለች። ናርኮቲክ የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ ሱስ የማስያዝ ጠባይ ስላላቸው በልዩ ማዘዣ፣ በልዩ መዝገብና በቁልፍ የሚጠበቁትን መድኃኒቶች ያመለክታል። ስምምነቱ ሁለት ዓላማ አለው፤ አንዱ መድኃኒቱ ያለ አግባብ እንዳይባክን መከላከል፣ ሁለተኛው ለሕሙማን በበቂ መጠን እንዲገኝ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ አገር በየዓመቱ የሚያስፈልገውን መጠን ገምቶ ለዓለም አቀፉ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ የሚያሳውቅ ሲሆን፣ ግምቱ ባለፈው ዓመት ፍጆታ ላይ የተመሠረተ እንደ ሆነ፣ ዐምና ጥቂት የተጠቀመ አገር ዘንድሮም ጥቂት ይጠይቃል። በዚህ አኳኋን የመጀመሪያው ዓላማ በየቢሮው ሥር ሲሰድድ ሁለተኛው በወረቀት ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የላንሴት ኮሚሽን ጥናት እንዳመለከተው፣ በዓመት በዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሚያህል በሞርፊን ልክ የተሰላ ኦፒዮይድ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ሁሉ የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው።

በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ የሚገኘው እናት ሆስፒታል ካርልሃይንዝ ቦም ባቋቋመው ሰዎች ለሰዎች በተሰኘው ድርጅት እገዛ የተሠራ ሲሆን፣ መንዝም በመሐል ሜዳ ሆስፒታል አግኝቷል፤ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሥር ደግሞ በአሥራት ወልደየስ ስም የሚጠራ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ። ቀድሞ በቃሬዛ ሸለቆ ለሸለቆ ይወሰድ የነበረው ቁስለኛ አሁን ብርቱ ማስታገሻ ከሚታዘዝበት ቦታ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያም አንደኛውን መድኃኒት በሌላው የመተካት ጥያቄ ይጠብቀዋል።

መድኃኒቶቹ የሚነጻጸሩት ሞርፊን እንደ መስፈሪያ ተይዞ ነው። በመርፌ የሚሰጥ 10 ሚሊግራም ሞርፊን በአፍ ከሚወሰድ ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ሞርፊን ጋር ይመጣጠናል፤ በአፍ የተወሰደው ወደ ደም ከመድረሱ በፊት ከፊሉ በጉበት ስለሚጣራ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለረጅም ጊዜ የተለመደው ፔቲዲን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የተቀመመው፣ ያንኑ ለማስገኘት ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም በመርፌ ይፈልጋል፤ ትራማዶል በአፍ ሲወሰድ የሞርፊንን አንድ ዐሥረኛ ያህል ብርታት እንዳለው ይገመታል፤ ፌንታኒል ግን ከሞርፊን መቶ እጥፍ ገደማ ስለሚበረታ የሚለካው በማይክሮግራም፣ ማለትም በሚሊግራም አንድ ሺሕኛ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብርታት ማለት ያንኑ ውጤት ለማግኘት የሚያስፈልገው ክብደት አነስተኛ መሆኑ እንጂ መድኃኒቱ የተሻለ መሆኑ አይደለም፤ መጠኑ ተስተካክሎ ከተሰጠ ሞርፊን ለካንሰር ሕሙም ከፌንታኒል የሚያንስ ማስታገሻ አይደለም። በሌላ በኩል በሠንጠረዥ ላይ ተመጣጣኝ የተባሉት በአካል ውስጥ ጠባያቸው ይለያያል። ፔቲዲን ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ በተደጋጋሚ ሲሰጥ ወይም ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ተረፈ ምርቱ መንቀጥቀጥን ያስከትላል፤ ለረጅም ሕመም የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። ትራማዶልም ለአዋቂ በቀን ከ400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፤ ሲያልፍ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ከአንዱ ወደ ሌላው በሚዛወርበት ጊዜ ሐኪሞች በሠንጠረዡ የተገኘውን መጠን ከሩብ እስከ ግማሽ ይቀንሳሉ፤ ለቀድሞው መድኃኒት የለመደ አካል ለአዲሱ በእኩል መጠን የለመደ አይደለምና። ለጀማሪ ዝቅተኛው መጠን ይሰጣል፤ የረጅም ጊዜ ሕመም ካለ ሞርፊን ሕመሙ ተመልሶ እስኪነሣ ሳይጠበቅ በየአራት ሰዓቱ ይወሰዳል፤ የሆድ ድርቀት እንዳያስቸግር ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። ያለ ልክ የተወሰደ እንደ ሆነ ናሎክሶን የተባለው ማርከሻ በመርፌ ይሰጣል። በደጋው ሸዋ በተለይ ሁለት ነገር መታሰብ አለበት። አንደኛው አረቄ ነው፤ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ የታወቀው ይህ መጠጥ እንደ ኦፒዮይድ ሁሉ መተንፈስን የሚያዳክም በመሆኑ ሁለቱ በአንድ ሌሊት ሲገናኙ እንቅልፉ የማይነቁበት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከፍታው ነው፤ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ ሰው የሚስበው አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 70 ያህል ብቻ ነው፤ የአገሩ ሰው ለዚህ የለመደ ቢሆንም፣ መተንፈሱ ሲዳከም የሚቀረው ትርፍ አነስተኛ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሠንጠረዡን የተፈታተነው ነገር የተገኘው በኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ነው። ኮዴይን እ.ኤ.አ. በ1832 ከኦፒየም የተለየ፣ በሳልና በቀላል ሕመም መድኃኒትነት በመላው ዓለም የተሰራጨ ደካማ ኦፒዮይድ ሲሆን፣ ሕመምን የሚያስታግሰው በራሱ ሳይሆን በጉበት ውስጥ ሲፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29ኙ ይህን ኢንዛይም የሚያመነጨው ዘረመል ተደጋግሞ እንደሚገኝባቸው አመለከቱ፤ በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ ግን እንዲህ ያሉት ከመቶ ከአንድ እስከ ሁለት የሚደርሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይንን በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ስለሚለውጥ፣ በአውሮፓ ደካማ የተባለው መድኃኒት በእርሱ አካል ብርቱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሌላው ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል፤ ዘረመላቸው የሚመሳሰል ኢትዮጵያውያን በስዊድን ሲኖሩ ኢንዛይማቸው በኢትዮጵያ ከሚኖሩት ይበልጥ ፈጥኖ ሲሠራ ተገኝቷል፤ ይህም ምግብና አካባቢ በመድኃኒት ብርታት ላይ ድርሻ እንዳላቸው ያሳያል።

በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ኮዴይን ያለባቸው መድኃኒቶች በአገሪቱ ጥቅም ላይ እንዳይውሉ ወሰነ። ውሳኔው በሌላ አገር የወጣን እገዳ የተከተለ ሳይሆን ከኢትዮጵያውያን ጥናት የተነሣ በመሆኑ በአፍሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ጎዶሎነትም አለበት። ትራማዶል ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው በሲፒ2ዲ6 ተለውጦ ነው፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንንና ትራማዶልን ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በአንድነት የከለከለው በዚህ የመተንፈስ አደጋ ምክንያት ነበር። በኢትዮጵያ ግን ኮዴይን ሲወጣ ትራማዶል ቀርቷል፤ ምክንያቱም ከሞርፊን ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፤ በዓለም አቀፉ ስምምነት ዝርዝር ውስጥም የለም። ሞርፊን በአንጻሩ ወደ ሌላ ነገር ሳይለወጥ በራሱ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከዚህ የዘረመል ልዩነት አንጻር ለኢትዮጵያዊ ሕሙም ይበልጥ ሊገመት የሚችለው እርሱ ነው። ሲፈራ የኖረውም እርሱ ነው።

ፍርሃቱ የተማረ ሰው ፍርሃት ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአሜሪካ ኦክሲኮዶን የተባለው ኦፒዮይድ ያለ ልክ መታዘዙ ያስከተለው የሱስና የሞት ማዕበል ዜናው ከመድኃኒቱ ቀድሞ አዲስ አበባ ደርሷል። በአካል መልመድና በሱስ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ መካከል ይጠፋል፤ ለሳምንታት ሞርፊን የወሰደ ሕሙም በድንገት ቢያቆም አካሉ ይናጣል፤ ይህ ግን ቀስ በቀስ በመቀነስ የሚፈታ እንጂ ሱስ አይደለም። ከሕሙሙም በኩል እንቅፋት አለ። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ኖሮ ባጠናው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ሰምና ወርቅ በተሰኘው መጽሐፉ ባሳተመው ሥራ የታወቀው የመንዝ ሰው ወንድነትን በመቻል የሚለካ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም ፊት ሕመሙን አሳንሶ ይናገራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው አባባል በዚሁ አገር የሚነገር መሆኑ፣ ልማዱ ራሱን የሚያውቅ መሆኑን ያሳያል።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የማስታገሻ ክብካቤን፣ ማለትም ፈውስ ለማይጠበቅለት ሕሙም ሕመሙን አስታግሶ ቀሪ ዕድሜውን የሚያቀልለትን ሕክምና፣ ወደ ሕሙማን ቤት ወስዷል፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ክብካቤ መመሪያ አውጥቷል። የካንሰር የጨረር ሕክምና ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተስፋ የለህም ተብሎ የተመለሰ ሰው የመጨረሻ ወራቱን የሚያሳልፈው ጤና ኬላ ብቻ ባለበት ቀበሌ ነው፤ በጤና ኬላ ደግሞ ሞርፊን የለም። ኮዴይን በታገደበት ዓመት በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ቢያንስ እስከ ወረዳ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ መደረግ ነበረበት፤ ይህ ባለመደረጉ የአገሪቱ ትክክለኛ የሆነ ሳይንሳዊ ውሳኔ ለገጠሩ ሕሙም ግማሽ ውሳኔ ሆኗል። ቀሪውን ግማሽ መፈጸም የጤና ቢሮዎች ሥራ ነው፤ ትራማዶል በደጋው ሸዋ ሰው አካል ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ መመርመር ደግሞ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሥራ ነው።